በየወሩ፣ በየዓመቱ ወይስ በ302 ቀን?

በኅዳር 1958 ዓ.ም. ገደማ ከወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ከወረኢሉ አውራጃ፣ አንድ ወሬ በወረቀት ሰፍሮ መንገድ ጀመረ። አዝመራው ከድቷል፣ ሕዝቡ አደጋ ላይ ነው የሚል ነበር። ወረቀቱ ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከመዝገብ ቤት ወደ መዝገብ ቤት፣ ማኅተም እየተመታበትና ቁጥር እየተሰጠው ተጓዘ። የረሀባችንን ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ቀኑን ቆጥረውታል፤ ወሬው ከላይ እስኪደርስ 302 ቀን ፈጀ። ከላይ የወረደው የመጀመሪያ መልስም እህል አልነበረም። የሞቱትን ሰዎች ስም ዝርዝር ላኩ የሚል ጥያቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ጥቂት እህል እንዲሰጥ የተፈቀደው።

መቼም ይህን የሚያነብ አንዳንድ ሰው «ይህ የመንግሥት ቢሮ ስንፍና ነው፤ አንተ ልትጽፍልን የተነሣኸው ስለ በጎ አድራጎት ድርጅቶች አይደለም ወይ?» ይለኝ ይሆናል። ነው። ነገር ግን በሌላ ሰው ስምና በሌላ ሰው ገንዘብ የሚሠራ ሁሉ፣ መንግሥትም ይሁን ማኅበር፣ ያች የወረኢሉ ወረቀት ያስነሣችው ጥያቄ ይገጥመዋል። የሠራውን፣ ያልሠራውንና ያስፈራውን በስንት ጊዜ አንድ ጊዜ ለሕዝብ ይናገር? በዓመት? በሩብ ዓመት? በወር? ሲያዩት የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን የታሪክ ጉዳይ ነው ባይ ነኝ፤ ያውም ሰው ያለቀበት ታሪክ።

ለመሆኑ «በዓመት አንድ ጊዜ» የሚለው ልማድ ከየት መጣ? እንግሊዞች የበጎ አድራጎት ኮሚሽናቸውን በ1853 እ.ኤ.አ. ሲያቋቁሙ ዋናው ጭንቀታቸው ሙታን በኑዛዜ የተዉት ገንዘብ በሕያዋን ባለአደራዎች ኪስ እንዳይቀር ነበር፤ ባለአደራውም በየዓመቱ ሒሳቡን እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። አሜሪካኖች ደግሞ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ከግብር ነጻ የሆኑ ብዙ ድርጅቶች በየዓመቱ ቅጽ እንዲሞሉ አደረጉ። ያ ቅጽ ዛሬም አለ፤ ማንም ሰው ጠይቆ ሊያየው ይችላል። እንግዲህ መለኪያው የመዝገብ ዓመት ነው፤ ለግብር ሰብሳቢ የተመቸ። ለገበሬም ይመቻል፤ የዘራውን በዓመቱ ያጭዳልና። እህሉ በሰኔ ላለቀበት ሰው ግን «ሪፖርቱ በመስከረም ይወጣል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም።

እኛ ዘንድ ከማናቸውም የማኅበራት አዋጅ በፊት ሌላ መለኪያ ነበር። ወር። ዕድር መቼ እንደ ተጀመረ ጸሐፊዎች አይስማሙም፤ ከተሞች እየሰፉ ሲሄዱ፣ ሰው ከትውልድ መንደሩ ርቆ በባዳ መካከል መሞት ሲጀምር የተፈጠረ ነው የሚሉ አሉ፤ ከጣልያን ወረራ ዘመን ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ በ1958 እ.ኤ.አ. «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ዕድርና ዕቁብ ሲጽፉ ነገሩ አዲስ አበባ ውስጥ ሥር ሰዶ ነበር።

የዕድርን አሠራር የማያውቅ የከተማ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ቢሆንም በሪፖርት ዓይን አይተነው አናውቅምና ትንሽ ልቆይበት። በወር አንድ እሑድ አባላቱ ይሰበሰባሉ። ዳኛው ይቀመጣል፣ ጸሐፊው መዝገቡን ይዘረጋል፣ ገንዘብ ያዡ ይቆጥራል። ሦስቱ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንድ ሰው ሁለቱን ሥራ ደርቦ እንዲይዝ አይፈቀድም። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል። ከዚያ ይነበባል፤ ያለፈው ወር ተራፊ ይህን ያህል፣ የዚህ ወር ገቢ ይህን ያህል፣ ለእነ እገሌ ቤት ሐዘን የወጣ ይህን ያህል። ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ዕቃው ይመጣል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሳህን፣ ብርጭቆ። ብርጭቆ ከጎደለ ማን ዘንድ እንደጎደለ ይጠየቃል። እንግዲህ ይህ ሁሉ የሚደረገው አብዛኛው አባል በእግሩ ሊመጣ በሚችልበት ቦታ፣ በሚሰማው ቋንቋ፣ ጥያቄ ያለው ሰው ወዲያው እጁን በሚያወጣበት ሁኔታ ነው። በአንድ ጊዜ ኦዲትም፣ ጠቅላላ ጉባኤም፣ ዓመታዊ መጽሔትም ነው፤ ልዩነቱ ዓመታዊ አለመሆኑ ነው።

የካዛንቺስ ሰፈር አብዛኛው በ2017 ዓ.ም. ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ፣ ለአንድ ጽሑፍ ስል እዚያው ለረጅም ጊዜ የዕድር ጸሐፊ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ቤት ሄጄ ነበር። ጠረጴዛቸው ላይ ጀርባው በጨርቅ የተጠገነ ወፍራም መዝገብ አለ። ወር በወር በቀይ ቀለም ተሰምሯል። አብዮቱ የፈነዳበት ወር አለ፤ መዝገቡ ግን ስለ አብዮት አንድም ቃል አይልም፤ ሁለት ሐዘን መድረሱንና የወጣውን ብር ብቻ ይናገራል። መንግሥት በተለወጠበት በ1983 ዓ.ም. ግንቦት እንኳ መስመሩ አልተዘለለም። አገላብጬ አገላብጬ አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ለምን በየወሩ? በዓመት አንዴ ቢነበብስ አይበቃም ነበር?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው አዩኝ።

«ልጄ፣ ሰው በዓመት አንዴ ነው እንዴ የሚሞተው?»

በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ ጊዜ ስለ ተጠያቂነት ከተማርኩት ሁሉ ይህች ጥያቄ ትበልጥብኛለች። ሪፖርት የሚወጣበትን ጊዜ የሚወስነው ሥራው እንጂ ወረቀቱ አይደለም ማለታቸው ነው። ዕድሩ የሚሠራው ሥራ በማንኛውም ሳምንት ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ገንዘቡ በማንኛውም ወር መኖሩ መታወቅ አለበት። ነገሩ ይኸው ነው።

ዕድርን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። ገንዘብ ያዡ ተሰውሮ አባላቱ ፖሊስ ጣቢያ ለፖሊስ ጣቢያ የተንከራተቱባቸው ዕድሮች እንዳሉ ሁላችንም ሰምተናል። በብዙ ዕድሮችም ወርኃዊው ንባብ እንደ ዳዊት መድገም ይሆንና ጸሐፊው ያነባል፣ ሰው ያወራል፣ መቀጫ ፈርቶ የመጣው ስሙ ከተጠራ በኋላ ሾልኮ ይወጣል። በየወሩ መነበቡ መደመጡን አያረጋግጥም። ለዚህም ከዕድር የከፋ ምሳሌ አለን።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ እንደገና ተራበ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን እስከ ቦታው ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ አምጥተው ቢያሳዩም የመንግሥቱ ጋዜጦች ዝም አሉ። ዝምታውን የሰበረው የውጭ ሰው ነው፤ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ «ያልታወቀው ረሀብ» ያለውን ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየ። እኛ አገር ፊልሙ የታየው መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ ያውም ከቤተ መንግሥት ድግስ ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በዚያ ረሀብ ስንት ሰው ሞተ? ግምቱ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይዘረጋል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል 160 ሺህ ሰው አለ። በወቅቱ የሚቆጥርና የሚናገር ስላልነበረ ብቻ ከኖሩት ይደመሩ ከሞቱት የማይታወቅ 160 ሺህ ሰው።

ከዚያ ትምህርት ተወሰደ። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ክርስቲያናዊ የእርዳታ ድርጅቶችም በዚያው ጊዜ አካባቢ በአንድ ጥላ ሥር ተሰባሰቡ። ኮሚሽኑ የዝናቡን፣ የአዝመራውንና የገበያውን ዋጋ እየተከታተለ የሚያስጠነቅቅ ክፍል አደራጀ። ሪፖርት አሁን በጊዜው ይወጣ ጀመር። ታዲያ የ1977ቱ ረሀብ ለምን መጣ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. የኮሚሽኑ ኃላፊ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለለጋሾች ባቀረቡት ጥሪ 450,000 ቶን እህል ጠየቁ። ኮሚሽኑ ግን ጉድለቱ 900,000 ቶን ገደማ መሆኑን ያውቅ ነበር። ወደቡና ካሚዮኑ ከዚያ በላይ አይችልም፣ የተጋነነ ቁጥር ብንጠራ የሚያምነን የለም ተብሎ ነው ቁጥሩ በግማሽ የተቆረጠው። ያም ሆኖ ለጋሾቹ እጃቸውን በፍጥነት አልዘረጉም። አገር ውስጥ ደግሞ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓልና የኢሠፓ ምሥረታ ስለ ደረሰ ረሀብ የሚባል ቃል ከአደባባይ ራቀ። እነሆ ሪፖርቱ ተጻፈ፣ በጊዜው ተጻፈ፣ ለሚመለከተው ተሰጠ። ነገር ግን ለአንባቢው ልክ ተቆርጦ ተሰጠ፤ ባለቤቱ ሕዝብ ደግሞ ጭራሽ አልተነገረውም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ማይክል በርክና ሞሐመድ አሚን ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ በቢቢሲ ሲተላለፍ ዓለም እንደ አዲስ ወሬ ሰማው። እኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የምንለው አባባል አለን፤ እዚህ ግን ውሻው ቀድሞ ጮኾ ነበር፤ ባለቤቱ ነው ያልነቃው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል፤ የባንድ ኤይድ ዘፈን ወጣ፤ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ሎንዶንና ፊላደልፊያ ላይ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተደረገ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ ልጅ ሆኜ ግን «በስማችን የተለመነው ገንዘብ የት ደረሰ?» የሚለውን የትልልቆች ጨዋታ ሰምቼ አድጌአለሁ። ጨዋታው ቀላል አልነበረም። ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይቶ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ ቢቢሲ አንድ ፕሮግራም አሰማ። የቀድሞ ታጋዮችን ጠቅሶ በአማፅያን ይዞታ ወደነበሩ የትግራይ አካባቢዎች ከገባው የእርዳታ ገንዘብ ከፍተኛው ክፍል ለጦር መሣሪያ ዋለ የሚል ነበር። የባንድ ኤይድ ሰዎች ተቆጡ፣ አቤት አሉ። በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ቢቢሲ ይቅርታ ጠየቀ፤ ፕሮግራሙ የባንድ ኤይድ ገንዘብም እንደዚያው የዋለ አስመስሎ ማቅረቡ ማስረጃ እንደሌለው አመነ።

በዚያ ክርክር ማን ትክክል ነበር የሚለውን ለሌላ ጸሐፊ እተወዋለሁ። እኔን የገረመኝ የተከራካሪዎቹ ማንነት ነው። ከሳሽ በሎንዶን ስቱዲዮ ነው፤ ተከሳሽ ሎንዶን ነው፤ ይቅርታው የተነገረው በሎንዶን ነው። የኮረም፣ የመቐለና የባቲ ሰው፣ ፎቶግራፉ በዓለም ሁሉ የዞረው ሰው፣ «ይህን ያህል ተሰብስቦ ነበር፣ ይህን ያህሉ እዚህ ደረሰ» ብሎ በደጁ የነገረው ቢኖር ኖሮ ክርክሩ ሲነሣ ቢያንስ የሚመሰክር ሺህ ሰው በተገኘ ነበር። ድርጅቶቹ ሪፖርት አልጻፉም አልልም፤ ጽፈዋል። የጻፉት ግን ለሰጪው እንጂ ለተቀባዩ አልነበረም።

ይህ ልማድ እስከ እኛ ዘመን መጥቷል። ለዚህ ምስክሩ ራሴ ነኝ፤ የሚጽፍ ሰው በመጣጥፍ ብቻ ስለማይኖር የአንድ ድርጅትን ዓመታዊ ሪፖርት በገንዘብ አርሜ አውቃለሁ። ሪፖርቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ጥሩ ወረቀት፣ ባለቀለም ሥዕል፣ በሽፋኑ ላይ ውኃ የቀዳች ልጅ። «ከታቀዱት ጉድጓዶች ጥቂቱ አልተቆፈረም» የሚል አረፍተ ነገር ነበረበት፤ ተመልሶ ሲመጣልኝ «ቀሪዎቹ በሚቀጥለው በጀት ዓመት በመጠናከር ላይ ይሆናሉ» ሆኖ ነበር። «ጉድጓድ እንዴት ነው የሚጠናከረው?» ብዬ ብጠይቅ፣ «አንተ ሰዋስዉን ብቻ እይልን» አሉኝ። በአማርኛም ይውጣ ወይ ስል ደግሞ ከልባቸው ተገርመው፣ ማን ያነበዋል አሉ። ውኃ ለተቆፈረላቸው ሰዎች ይሆናላ! የሠራሁበትንም ክፍያ ለመቀበል ለስምንት ወር ተመላልሻለሁ፤ ይህ እንኳ ሌላ ታሪክ ነው።

እዚያ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም የተቃራኒውን ወገን ክርክር ያጠነክራል። ለጋሾች በየሦስት ወሩ ሪፖርት ይጠይቃሉ። የመስክ ሠራተኛው ሦስቱን ወር እንዴት ነው የሚያሳልፈው? በመጀመሪያው ወር ያለፈውን ሪፖርት ማረሚያ ይመልሳል፤ በሁለተኛው ይሠራል፤ በሦስተኛው መጻፍ ይጀምራል። ለአንዱ ለጋሽ በጥቅምት፣ ለሌላው በኅዳር የሚያልቅ ሩብ ዓመት ካለ ደግሞ ሁለተኛው ወርም ይበላል። እንግዲህ ቶሎ ቶሎ ሪፖርት አድርጉ ብሎ መጮህ ቀላል ነው፤ የሚጽፈው ሰው ያው የሚቆፍረው ሰው መሆኑ ይረሳል።

ሕጉስ ምን አለ? አዋጅ ቁጥር 621/2001 በጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ለኤጀንሲው እንዲያቀርቡ አዘዘ። ያ አዋጅ ይበልጥ የሚታወሰው በሌላ ነገር ነው፤ ለአስተዳደር የሚወጣው ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ፣ ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ ገንዘብ የሚያገኙትን ደግሞ ከመብት ሥራ አግዶ ስለነበር። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ተተካ፤ የመብት ሥራ እገዳው ተነሣ፣ የአስተዳደር ወጪው ጣሪያ 20 በመቶ ሆነ፣ ዓመታዊው ሪፖርት ግን እንደነበረ ቀጠለ። ሁለቱም አዋጆች ሲጽፉ ዓይናቸው ወደ ላይ ነው፤ ሪፖርት የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤት ነው። በ2001ዱ አዋጅ ውስጥ ደግሞ አንዲት የምታስቀኝ መስመር አለች፤ አዋጁ ዕድርንና ዕቁብን አይመለከትም ትላለች። ልክ ነው፣ መመልከት የለበትም። ግን ከሁሉ አዘውትሮ ሪፖርት የሚያቀርበውን ማኅበር ሕግ አውጪው ከሩቅ ተሳልሞት ማለፉ፣ ገባ ብሎም አለማየቱ ይቆጨኛል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ገንዘብ ከሕዝብ የሚሰበስብ ድርጅት፣ ገንዘቡን በሚሰበስብበት ጊዜ ልክ ይናገር፤ በየወሩ የሚለምን በየወሩ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የሚለምን በዓመት። ሁለት ገጽ ይበቃል። ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህ አልሆነም፣ ያልሆነበት ምክንያት ይህ ነው። ባለሥዕሉን ዓመታዊ መጽሔት የፈለገ ያሳትም፤ አልከለክልም። አደጋ ሲመጣ ግን ወርም ዓመትም አይጠበቅም። የዝናቡን መቅረት ያየ የመስክ ሠራተኛ ሩብ ዓመቱ እስኪሞላ ከጠበቀ የወረኢሉን ወረቀት ጉዞ በትንሹ ደገመው ማለት ነው። ጊዜው የቱንም ያህል ይሁን፣ ሪፖርቱ ሥራው በተሠራበት ቦታና ቋንቋ ካልተነገረ እኔ እንደተነገረ አልቆጥረውም። ይህ የመጨረሻው ነገር ብዙ ወጪ ይጠይቃል የሚሉ አሉ። ለሽፋኑ ቀለም የሚወጣውን ስለማውቅ አላምናቸውም።

ከ1998 ዓ.ም. ወዲህ በወረዳ አደባባዮች የመንግሥትን በጀት በትልቅ ወረቀት መለጠፍ ተጀምሮ ነበር፤ ትምህርት ይህን ያህል፣ ጤና ይህን ያህል እየተባለ። ሐሳቡ መልካም ነው። በተጓዝኩባቸው አንዳንድ ከተሞች ግን የአምናውና የካቻምናው ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት ቁጥሩ ጠፍቶ ተሰቅሎ አይቻለሁ። ሰሌዳ አይጠየቅም፤ ችግሩ ይኸው ነው።

በአንጻሩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ ገጠር ቀበሌ ያገኘኋት የቦኖ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ሰሌዳ የላትም። ያላት አንድ የተማሪ ደብተር ነው። ቦኖውን የሠራው ድርጅት ሥራውን ጨርሶ፣ ሪፖርቱን ጽፎ ከሄደ ቆይቷል። እርሷ ግን በወር አንድ ቀን፣ ውኃ ቀጂዎቹ በተሰለፉበት፣ ደብተሯን አውጥታ ታነባለች። እኔ በደረስኩበት ቀን ያነበበችው፣ የባለፈው ወር ገቢ ስንት እንደነበር፣ ለጥበቃው የተከፈለውን፣ ቧንቧው ለስድስት ቀን ተበላሽቶ እንደነበርና መለዋወጫው ከወረዳ እንዳልመጣ ነው። ከሰልፉ መካከል አንዲት እናት ጀሪካናቸውን እንደያዙ «ስድስት አይደለም፣ ሰባት ቀን ነው» አሉ። ገንዘብ ያዧ እስክሪብቶ ፈልጋ ስድስቱን ሰረዘችና ሰባት ብላ ጻፈች።